ስንዴ ውስጥ የበቀለ ሣር ሳያዘረዝር እንዴት ይለያል? ሲናር፣ አሰንዳቦ፣ ሙጃ ወይስ እንክርዳድ?

ጅሩ ሜዳ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ማሳው ሞረትና ጅሩ ነው፤ መደብና ቦይ የወጣለት ጥቁር አፈር። ስንዴው ሐምሌ 5 ቀን ተዘርቶ ዛሬ 24ኛ ቀኑን ይዟል። ሦስት ቅጠል አውጥቶ አራተኛው ብቅ እያለ ነው። ግማሹ በመስመር ነው የተዘራው፤ የቀረው ዝናቡ ስላጣደፈ በብተና ሆነ።

ቅጠለ ሰፊዎቹ አረሞች አያስቸግሩም፤ መቹም ጎመንዘሩም ከሩቅ ይታወቃል። ችግሩ ሣሩ ላይ ነው። በመስመር በተዘራው በኩል ከመስመር ውጭ የቆመውን ሁሉ መንቀል ይቻላል፤ በብተናው በኩል ግን ስንዴውን ከሣሩ መለየት አልተቻለም። ሠራተኛ ቢገባበት አረሙን ትቶ ስንዴውን የሚነቅል ነው የሚመስለው።

እስካሁን ያየሁት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ቁርጥ ስንዴ ይመስላል፤ ቁመቱም ስፋቱም እኩል ነው። ሁለተኛው ቀጠን ያለ፣ ከሥሩ ቀላ ያለ፣ ቦዩ ዳር ውሃ በሚቋጥርበት ቦታ የበዛ። ሦስተኛው አጭርና ለስላሳ፣ ቅጠሉን ወደ ጎን የዘረጋ። በዚህ ላይ ዘሩ አምና ከዚሁ ማሳ የተሰበሰበ ነው፤ እህሉ ውስጥ ጥቂት እንክርዳድ ነበረበት።

ሳያዘረዝር የሚለይበት መንገድ አለ? በእጅ ያለው መድኃኒት ቱፎርዲ ነው፤ ለሣሩ ይሆናል ወይ?


ሰገባና ጆሮ፦

ወንድሜ፣ በደንብ ይለያል፤ አሁን ያለበት ዕድሜም ለመለየት አመቺ ነው። ቀለሙንና ቁመቱን ግን ተወው። ውሃ የተኛበት ስንዴ ቢጫ ይሆናል፣ ማዳበሪያ የወደቀበት ይጠቁራል፣ ከጥልቀት የበቀለው ይዘገያል። በቀለም የሚለይ ሰው ስንዴ ይነቅላል።

የሚታየው ቦታ አንድ ነው፦ ቅጠሉ ከአገዳው የሚላቀቅበት አንገት። የሣር ቅጠል ሁለት ክፍል አለው። የታችኛው እንደ ጎራዴ ሰገባ አገዳውን አቅፎ ይወጣል፤ የላይኛው ተዘርግቶ የምናየው ቅጠል ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ በውስጥ በኩል አገዳውን ተጠግታ የቆመች ስስ ነጭ ሽፋን አለች፤ እሷን ምላስ እንበላት። በዚያው ቦታ ግራና ቀኝ ወጥተው አገዳውን እንደ ክንድ የሚያቅፉ ሁለት ትንንሽ ጫፎች ሲኖሩ ደግሞ እነሱን ጆሮ እንበላቸው።

ቡቃያውን ከነሥሩ አውጣና ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ቅጠል በአውራ ጣትህ ቀስ አድርገህ ወደ ኋላ ሳበው። አንገቱ ይከፈታል። ፀሐይ ከኋላው አድርገህ ተመልከት።

ስንዴ ከሆነ ጆሮ አለው። ጆሮዎቹ መካከለኛ ናቸው፣ ጫፋቸው ላይ ደቃቅ ጠጉር አለባቸው። ይህቺን ጠጉር አትርሳት፤ ኋላ ላይ ታስፈልግሃለች። ምላሱ አጭር ነው።

ገብስ ከሆነ (አምና ገብስ ከነበረ ራሱን ዘርቶ ይበቅላል) ጆሮው ትልቅ ነው፤ ሁለቱ አገዳውን ዞረው አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባሉ፣ ጠጉር የላቸውም።

ሲናር ከሆነ ጆሮ የለውም። ጨርሶ። አንገቱ በቢላዋ የተከረከመ ይመስል ልሙጥ ነው። ምላሱ ከስንዴው ይረዝማል፣ ጫፉ የተበጣጠሰ ነው። ከአንገቱ አጠገብ የቅጠሉ ጠርዝ ላይ ራቅ ራቅ ብለው የቆሙ ረዘም ያሉ ጠጉሮች ይታያሉ።

የመጀመሪያው ዓይነትህ፣ «ቁርጥ ስንዴ ይመስላል» ያልከው፣ ሲናር ነው ብዬ እገምታለሁ። ለማረጋገጥ ሁለት ተጨማሪ ምልክት አለ።

አንዱ የቅጠሉ አጠማዘዝ ነው። ከቡቃያው በላይ ቆመህ ወደ ታች ስታይ የስንዴና የገብስ ቅጠል እንደ ሰዓት ዘንግ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ የሲናር ቅጠል ወደ ግራ ይዞራል። አንድ ቅጠል አይተህ አትፍረድ፤ ነፋስ ያጣመመው ሊሆን ይችላል። አሥር አሥር ቡቃያ ስታይ ግን ልዩነቱ ቁልጭ ይላል። ዓይን ከለመደው በኋላ ጎንበስ ሳይሉ በቁም መለየት ይቻላል፤ ሠራተኞችህንም ማሠልጠን ያለብህ በዚህኛው ነው።

ሌላውና ከሁሉም አስተማማኙ የዘሩ ቅርፊት ነው። ቡቃያውን መንጭቀህ ሳይሆን በማረሚያ ከሥሩ አፈሩን ፈንቅለህ አውጣው፤ አፈሩን በውሃ እጠበው። እስከ ሦስትና አራት ቅጠል ድረስ የተዘራው ፍሬ ቅርፊት ከሥሩ ጋር ተንጠልጥሎ ይገኛል። የስንዴው ገለፈት የሌለው፣ የተጨማደደ ባዶ ቆዳ ነው። የሲናሩ ጠቆር ያለ ገለፈት አለው፣ ግርጌው ላይ ጠጉር አለው፣ ብዙ ጊዜም የተሰበረ ጢሙ ጀርባው ላይ ይቀራል። የገብሱ ገለፈት ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው የለም። ስታወጣው ሌላም ነገር ታያለህ፦ ስንዴው ከተዘራበት ጥልቀት ነው የበቀለው፤ ሲናሩ ግን ከ10 እና ከ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ጭምር ረጅም ነጭ አንገት አውጥቶ ይመጣል። በመካከላቸው ያለው የርዝመት ልዩነት ብቻውን ይናገራል።

ሁለተኛው ዓይነት፣ ከሥሩ ቀላ ያለውና ቦዩ ዳር የበዛው፣ አሰንዳቦ ይመስለኛል። ውሃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ይወዳል። ጆሮ የለውም፤ ምላሱ ረጅም፣ ነጭና ስስ ነው። የመጨረሻ ማረጋገጫው ግን ጭማቂው ነው፦ አገዳውን ከመሬት አጠገብ ቆርጠህ በጥፍርህ ጫን ብትለው ቀይ ፈሳሽ ያወጣል። ሲናርም እንክርዳድም ይህን አያደርጉም። በነጭ ወረቀት ላይ ብትጫነው ቀለሙ ይቀራል።

ሦስተኛውን ከኔ ይልቅ የአርሲ ሰዎች ያውቁታል።

ቱፎርዲን በሚመለከት፦ ለሣር አይሆንም። ቱፎርዲ ቅጠለ ሰፊውን ብቻ ነው የሚገድለው። እንዲያውም መቹና ጎመንዘሩ ሲጠፉ ቦታው ለሲናር ይለቀቃል። በየዓመቱ ቱፎርዲ ብቻ የሚረጭ ማሳ ውሎ አድሮ የሣር ማሳ ይሆናል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።


አርሲ ነዶ፦

ሦስተኛው ሙጃ ነው። ማንኛውም ሰው ከሥር ቅጠሉ ሊለየው ይችላል። የስንዴ፣ የሲናርና የእንክርዳድ የመጀመሪያ ቅጠል ጠባብና ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመ ነው። የሙጃ የመጀመሪያ ቅጠል አጭር፣ ሰፊና ወደ ጎን የተኛ ነው። ጆሮ የለውም። ሲዳሰስ ለስላሳ ነው፤ እያደገ ሲሄድ ከየአንጓው ቅርንጫፍ እያወጣ ይንሰራፋል፣ በኋላም ከየቅጠሉ ብብት ብዙ ቀጫጭን፣ ጠጉራም ዛላ ያወጣል።

ከሲናር የሚለይበት ትልቁ ነገር አበቃቀሉ ነው። ፍሬው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ከጥልቅ መውጣት አይችልም፤ ከላይኛው የአፈር ንጣፍ ብቻ ነው የሚበቅለው። ስለዚህ ዝናብ በዘነበና አፈሩ በተነካካ ቁጥር አዲስ ትውልድ ይነሣል። ዛሬ ጠራርገህ ብታርመው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ታገኘዋለህ፤ ሠራተኛው በደንብ ስላላረመ እንዳይመስልህ። ለሙጃ ሁለት ዙር እጅ አረም የግድ ነው። የመጀመሪያው ስንዴው ከሥሩ ተጨማሪ አገዳ ማውጣት ሲጀምር፣ ማለትም አሁን፤ ሁለተኛው ደግሞ ስንዴው አንጓ ሠርቶ መሬቱን ከመሸፈኑ በፊት።

ስለ አነቃቀል አንድ ነገር ልጨምር፤ በጥቁር አፈር ላይ በተለይ። አፈሩ ረጥቦ ሲጣበቅ ሣሩን ቢጎትቱት ከመሬት በላይ ይበጠሳል፤ ማደጊያው ነጥብ ከአፈሩ ሥር ስለቀረ በሳምንት ውስጥ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከአፈሩ ሥር ያለው ነጩ አንገት አብሮ ካልወጣ እንደታረመ አይቆጠርም። ዝናብ በዘነበ ማግስት ሳይሆን አፈሩ ጠፈፍ ሲል መግባት ይሻላል። የተነቀለውንም መደብ ላይ አትተው፤ በዚህ እርጥበት ሥር ሰድዶ ይቆማል። በጆንያ ተሸክመህ ከማሳው አውጣው።

ብዙ ሰው «ሲያዘረዝር በደንብ ይታያል፣ ያኔ እነቅለዋለሁ» ይላል። ይህ ሐሳብ ለቀጣዩ ዓመት ዘር ጥሩ ነው፤ ለዘንድሮው ምርት ግን አይጠቅምም። ሣሩ የማዳበሪያውን ድርሻ የሚወስደው አሁን፣ ስንዴው ስንት አገዳ እንደሚያወጣ በሚወሰንበት ጊዜ ነው። መስከረም ላይ ብትነቅለው የሄደው አገዳ አይመለስም።


መርጫ 15፦

ማሳው ሰፊ ከሆነና እጅ የማይደርስ ከሆነ ስለ መድኃኒቱ የማውቀውን ልበል።

የስንዴ ሣር ገዳዮች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛዎቹ ሣርን ብቻ የሚገድሉ ናቸው፤ ክሎዲናፎፕና ፌኖክሳፕሮፕ እዚህ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው እንደ ፓይሮክስሱላም ያለው ነው፤ ገበያ ላይ ፓላስ በሚባለው ስም ይታወቃል፤ ሣሩንም ብዙዎቹን ቅጠለ ሰፊ አረሞችም ይይዛል። የትኛውንም ብትገዛ መለያው ላይ የአረሙ ስም ተጽፎ እንደሆነ አንብብ። ሲናር ላይ የሚሠራ ሁሉ ሙጃ ላይ ወይም አሰንዳቦ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ጋሼ ሰገባና ጆሮ ያሉትን የመለየት ሥራ ከግዢው በፊት ማድረግ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። እንክርዳድ ላይ ደግሞ ስሙ መለያው ላይ ካልሰፈረ በመድኃኒቱ አትተማመን።

ፓላስንም ሆነ ክሎዲናፎፕን ገብስ ላይ አትርጭ። የተሠሩት ለስንዴ ነው፤ ገብሱን ይጎዱታል። ጎረቤት ማሳ ገብስ ከሆነ ነፋሱን አይተህ ርጭ።

ልኩ እንዲህ ነው። ፓላስ ለሄክታር 0.5 ሊትር ነው የሚመከረው፤ ውሃው 200 ሊትር። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 125 ሚሊ ሊትር መድኃኒትና 50 ሊትር ውሃ ይሆናል። በ15 ሊትር መርጫ ሲሰላ ለአንድ ሙሉ መርጫ 37.5 ሚሊ ሊትር ነው። በጠርሙስ ክዳን መለካት ልክ አይደለም፤ ክዳኑ እንደየጠርሙሱ ይለያያል። ከፋርማሲ የምትገዛው ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይበቃል፤ ለዚህ ብቻ ይቀመጥ። የገዛኸው ጠርሙስ ላይ ያለው ልክ ከዚህ ከተለየ የጠርሙሱን ተከተል።

ነገር ግን ልኩ ትክክል ሆኖ አረጫጨቱ ከተሳሳተ ዋጋ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ በባዶ ውሃ ሞክር። 10 ሜትር በ10 ሜትር ለካና አራት ካስማ ትከል። መርጫውን እስከ ምልክቱ ሞልተህ በተለመደው እርምጃህና በተለመደው ፓምፕህ ያንን ቦታ ሸፍን። ከዚያ መርጫውን እንደገና እስከ ምልክቱ ለመሙላት ስንት ሊትር እንደገባ ለካ። 2 ሊትር ከገባ ለሄክታር 200 ሊትር እየረጨህ ነው ማለት ነው። 3 ሊትር ከገባ እየዘገየህ ነው ወይም የመርጫው አፍ ሰፍቷል፤ በዚሁ ከቀጠልክ ለጥማድ ያዘጋጀኸው መድኃኒት መንገድ ላይ ያልቅብሃል። 1 ሊትር ተኩል ከሆነ ደግሞ እየሮጥክ ነው፤ ሣሩ ልኩን አያገኝም። እርምጃህን አስተካክለህ ድገመው። የመርጫው አፍ እንደ ማራገቢያ ጠፍጣፋ የሚረጨው ዓይነት ይሁን።

ጊዜው ሲናሩ ከሦስት ቅጠል ጀምሮ ከሥሩ ተጨማሪ አገዳ እስኪያወጣ ድረስ ነው፤ ስለዚህ በጊዜው ነህ። ውሃ የተኛበት፣ ቢጫ የሆነ ሣር መድኃኒቱን በደንብ አይስብም፤ መጀመሪያ ቦዩን ጥረግና ውሃው ይውረድ። ጤዛው ከረገፈ በኋላ ጠዋት፣ የከሰዓቱ ዝናብ ብዙ ሰዓት ሲቀረው ርጭ።

በብዛት የሚታዩት ስሕተቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቱፎርዲን ከክሎዲናፎፕ ወይም ከፌኖክሳፕሮፕ ጋር በአንድ መርጫ መቀላቀል ነው። ጉልበት ለመቆጠብ ይመስላል፤ ቱፎርዲው ግን የሣር ገዳዩን ኃይል ይቀንሰዋል፣ ሲናሩ ቢጫ ሆኖ ይቆይና ይድናል። ሣር ገዳዩን አስቀድም፤ ቱፎርዲውን ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ቆይተህ አስከትል። ቱፎርዲውም ቢሆን ስንዴው ከሥሩ ተጨማሪ አገዳ ካወጣ በኋላ፣ አንጓ ከመሥራቱ በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው መረጨት ያለበት። ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከተረጨ ዛላው ተጣሞ ይወጣል፣ ፍሬ ያጣል።

ሁለተኛው ትዕግሥት ማጣት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች እንደ እሳት አያቃጥሉም። ሣሩ እድገቱን ያቆማል፤ መልኩ ግን እስከ ሦስትና አራት ሳምንት አረንጓዴ ሊመስል ይችላል። «አልሠራም» ብሎ በሳምንቱ የሚደግም አለ፤ ስንዴውን ይጎዳል፣ ገንዘቡንም ያባክናል። የረጨኸው ክሎዲናፎፕ ወይም ፌኖክሳፕሮፕ ከሆነ ማረጋገጫ አለው፦ ከአሥር ቀን በኋላ የሣሩን መካከለኛ፣ አዲሱን ቅጠል በጣትህ ሳበው። መድኃኒቱ ከሠራ ያለምንም ትግል ሾልኮ ይወጣል፤ ግርጌው ቡናማና የበሰበሰ ነው። ካልሠራ እንደ ጤነኛ ሣር ይይዝሃል።

በየዓመቱ አንድ ዓይነት መድኃኒት አትደጋግም። ከርጭቱ የተረፉት ጥቂት ሲናሮች ዘራቸውን የሚያወርሱት መድኃኒቱን መቋቋምን ጭምር ነው። ጓንት፣ ቦቲና የአፍ መሸፈኛ ይኑርህ። ባዶ ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ አጥበህ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምር፤ ጠርሙሱን ቀዳደው፣ ለዘይትም ለውሃም እንዳይውል።


ጅሩ ሜዳ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ከብተናው በኩል ከተለያየ ቦታ 40 ቡቃያ ወጥቶ ታጥቦ ታየ። 23ቱ ጆሯቸው ጠጉር ያለው፣ ስንዴ ነው። 9ኙ ጆሮ የላቸውም፤ ጥቁር ገለፈቱም ሥራቸው ላይ አለ፤ ሲናር ነው። ቀይ ጭማቂ ያወጡት 3 ናቸው፤ ወረቀቱ ላይ ጉልህ ሆኖ ቀርቷል። ሙጃው 1 ነው።

ቀሪዎቹ 4 ግን አልገቡኝም። ጆሮ አላቸው፤ ትንሽና ጠባብ ነው፣ ጠጉር ግን የለበትም። ቅጠላቸው ከስንዴው ይቀጥናል። የቅጠሉ አዟዟር አልለይ አለኝ። የተበላሸ ስንዴ ነው ወይስ ሌላ?


ሰገባና ጆሮ፦

በርታ፤ አሁን ዓይንህ ተከፍቷል።

አራቱ እንክርዳድ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ያቺን ጠጉር እንዳትረሳት ያልኩህ ለዚህ ነበር። እንክርዳድ ጆሮ ስላለው ጆሮ በማየት ብቻ ከስንዴ አይለይም። ስንዴው ጆሮው ላይ ጠጉር አለው፤ የእንክርዳዱ ጆሮ ጠባብና ልሙጥ ነው፣ አንዳንዴም እስከማይታይ ድረስ ያንሳል። አጉሊ መነጽር ካለህ ተጠቀም፤ ከሌለህም የስልክህን ካሜራ አቅርበህ አንሣና ምስሉን አሳድገው። ከአራቱ ሁለቱን በቆርቆሮ ውስጥ ተክለህ አቆያቸው፤ ሲያዘረዝሩ ጥርጣሬህ ይወገዳል።

ሲያዘረዝር የሚታየው እንዲህ ነው። ሁለቱም ዛላቸው ላይ የፍሬ ጥቅሎች ግራና ቀኝ ተፈራርቀው ይደረደራሉ። የስንዴው ጥቅል በሰፊው ጎኑ ዘንጉ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። የእንክርዳዱ ጥቅል ግን በጠርዙ ነው ወደ ዘንጉ የሚዞረው፤ ዘንጉም ጥቅሉን የሚያስጠጋበት ቦይ አለው። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ ከውጭ በኩል አንድ ብቻ ረጅም ሽፋን ታያለህ፤ ርዝመቱ ጥቅሉን ያህላል ወይም ይበልጠዋል። ጢም ሊኖረውም ላይኖረውም ስለሚችል በጢም አትለየው።

አሰንዳቦ ሲያዘረዝር ዛላው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ግርጌው ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ቅጠል ሰገባ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ሲናሩን መግለጽ አያስፈልግም፤ የተበተነ ዛላው ከስንዴው በላይ ተንጠልጥሎ ከሩቅ ይታያል። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። የበሰለ የሲናር ፍሬ ከተገኘ ጢሙን ተመልከት፦ መካከሉ ላይ እንደ ጉልበት የተሰበረ ነው፣ ታችኛው ግማሽ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ። መዳፍህን አርጥበህ ፍሬውን አስቀምጥበት። ጥቂት ቆይቶ ጢሙ እርጥበቱን ሲስብ መፈታት ይጀምራል፤ ፍሬው መዳፍህ ላይ ይዞራል፣ ይራመዳል። መሬት ላይ ሲወድቅም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሲረጥብ እየተፈታ፣ ሲደርቅ እየተጠመዘዘ ራሱን ወደ አፈሩ ስንጥቅ ይቀብራል። ጥቁር አፈር ደግሞ በበጋ በሰፊው ስለሚሰነጠቅ ያለ ችግር ይገባለታል። ከገብስ ጋር አብሮ የሚታጨደው፣ ለእንጀራም ለጠላም የሚገባው የሲናር ዓይነት ፍሬው በአብዛኛው እስከ አጨዳ ስለማይረግፍ ከዚህኛው ጋር አታምታታው።


ዘር አበጣሪ፦

የእንክርዳዱ ነገር ላይ ልናገር፤ ምንጩ ዘሩ ራሱ ነው።

ሲናርና እንክርዳድ አመጣጣቸው ተቃራኒ ነው። ሲናር ከዛላው ጫፍ ጀምሮ ወደ ታች እየበሰለ ስንዴው ሳይታጨድ ይረግፋል፤ ስለዚህ አብዛኛው ዘሩ በማሳው አፈር ውስጥ ነው ያለው፣ ለዓመታትም ይቆያል። እንክርዳድ ግን አይረግፍም። ከስንዴው ጋር ይበስላል፣ ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ከስንዴው ጋር ጎተራ ይገባል፣ ተመልሶም ከስንዴው ጋር ይዘራል። ኑሮው በገበሬው እጅ ላይ ነው። ስለዚህ ሲናርን የምታሸንፈው ማሳው ላይ ነው፤ እንክርዳድን አውድማና ሰፌድ ላይ።

ለእንክርዳድ መስከረም ላይ ማሳውን ዞረህ ራሱን ያወጣውን ሁሉ ንቀል፤ በተለይ ለዘር ከምትለየው ቦታ። ማሳውን በሙሉ ማጽዳት ካልተቻለ ንጹሑን ጥግ ምረጥና ለዘር የሚሆነውን ከዚያ ብቻ ለብቻው አጭደህ ለብቻው ውቃ። በኮምባይነር የምታሳጭድ ከሆነ መኪናው ከሌላ ሰው ማሳ ሲመጣ ውስጡ የቀረውን እህል ይዞ ነው የሚገባው፤ የመጀመሪያዎቹን ጆንያዎች ለዘር አትያዝ።

ከዚያ ማበጠር ነው። የእንክርዳድ ፍሬ ከስንዴ ቀጠንና አነስ ይላል፤ በወንፊት ሲነፋ ከቀጨጨው ስንዴ ጋር አብሮ ይወርዳል። ቀጭጮ የወረደውን ስንዴ አትዘንለት፤ ለዘር አይሆንም። በሰፌድ ማንገዋለል ሲናሩን በደንብ ያወጣል፤ እንክርዳዱን ግን በከፊል ነው። ገለፈት ያለውን ሲናር በውሃም መለየት ይቻላል፦ ባልዲ ውስጥ ጨው ያለበት ውሃ አድርገህ ዘሩን ጥቂት ጥቂቱን ጨምርና አማስል፤ የተንሳፈፈውን ጥረፍ፣ የሰመጠውን በንጹሕ ውሃ አጥበህ በጥላ አድርቅ። ጨው ሳይታጠብ የቀረበት ዘር ብቅለቱ ይበላሻል።

ከመዝራትህ በፊት ቁጠር። ከየጆንያው ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ዘግነህ ቀላቅልና 1 ኪሎ ለካ። ጠረጴዛ ላይ አፍስሰህ የአረም ፍሬውን አንድ በአንድ ልቀም። 10 ፍሬ ብታገኝ ትንሽ ይመስላል፤ ለሄክታር 150 ኪሎ ስትዘራ ግን 1,500 የአረም ፍሬ በገዛ እጅህ ዘርተሃል ማለት ነው፣ ያውም ማዳበሪያው አጠገብ።

በእህሉ በኩልም እንክርዳድን አትናቀው። ፍሬው ውስጥ የሚኖር ፈንገስ መርዝ አለው፤ ዱቄቱ ውስጥ በብዛት ከገባ ሰው እንደ ሰከረ ያዞረዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ዓይኑን ያደበዝዘዋል፣ ያስመልሰዋል። አምና የተሰበሰበው እህል ለቤትም የሚበላ ከሆነ ከመፈጨቱ በፊት ይለቀም።


ጅሩ ሜዳ፦

የቤቱን እህል ነገ እናስለቅማለን። ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ፦ የተነቀለውን ሣር ለከብት ልስጠው? ለመጪው ዓመትስ ይህን ማሳ ምን ልዝራበት?


አርሲ ነዶ፦

አሁን ራስ ሳያወጣ የሚነቀለው ሲናርም ሙጃም ለከብት ጥሩ መኖ ነው። አፈሩን አራግፈህ ስጥ። መድኃኒት የተረጨበት ከሆነ ግን መለያው ላይ የተጻፈውን የመቆያ ቀን ሳትጨርስ አትስጥ። ራስ ካወጣ በኋላ ሁለት ጥንቃቄ አለ። እንክርዳዱን ከነፍሬው አትስጥ፤ ከብቱንም ይጎዳል። ሲናሩን ደግሞ ፍሬው ከጠነከረ በኋላ ብትሰጥ የተወሰነው ፍሬ ሳይፈጭ በፍጉ ይወጣል፤ ፍጉ በደንብ ግሎ ሳይብላላ ማሳ ላይ ከተበተነ የነቀልከውን መልሰህ ዘራህ።

ለመጪው ዓመት ስንዴ አትድገም። ባቄላ ዝራ። ባቄላ ውስጥ ሣር የሆነ ሁሉ አረም ነው፤ ጆሮና ምላስ ማየት አያስፈልግም፣ ሕፃን ልጅም ያርመዋል። ማሳውም ለስንዴው ናይትሮጅን ይተርፈዋል። ከዘሩ በፊት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሲናሩንና ሙጃውን አብቅለው እስኪያሳዩህ ጠብቅና በበቀለው ላይ እረስበት፤ ከቻልክ ሁለት ጊዜ። የመጨረሻው እርሻ ግን ጥልቅ አይሁን፤ ከሥር የተኛውን ዘር ወደ ላይ ያወጣዋል።


ሰገባና ጆሮ፦

በቆርቆሮ የምትተክላቸው ሁለቱ ቡቃያዎች ላይ ቀኑን ጽፈህ ምልክት አድርግባቸው። ሲያዘረዝሩ የጥቅሉን አቀማመጥ በጎንና በፊት ለፊት አንሥተህ እዚሁ ላክልን፤ ጢም ያለው ነው ወይስ የሌለው የሚለውንም ጨምርበት።